የ1970ው ቮልስ ፍሬን ከታምቡር ወደ ዲስክ፦ የሥራ ማስታወሻ ከደብረ ማርቆስ

ኅዳር 4 ቀን 2015

ባለፈው ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ቁልቁለት ሳይጋመስ የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ መያዝ ጀመረ። ጥቂት ኩርባዎች እንዳለፍኩ ደግሞ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ እየጠጠረ መኪናው ግን ፍጥነቱን አልቀንስ አለ። በሦስተኛ ማርሽ ነበር የምወርደው። ወደ ሁለተኛ አውርጄ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ፣ ከፊቴ ይወርድ ከነበረው የጭነት መኪና ሳልደርስ ከመንገዱ ዳር ካለው ጠጠር ላይ ወጥቼ ቆምኩ። የፊት ጎማዎቹ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸቱ ነበር። አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ከጠበቅኩ በኋላ ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ።

መኪናው ከአባቴ የወረስኩት፣ በፈረንጆቹ 1970 የተሠራ ባለ 1300 ሞተር ቮልስ ነው። አራቱም ጎማዎች ታምቡር ፍሬን አላቸው (ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ዕቃ፣ ሸራው ከውስጥ እየገፋ የሚይዘው)፤ የእግርን ኃይል የሚያግዝ ሰርቮ የለውም። ፍሬን ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር) ባለሁለት መስመር በመሆኑ የፊቱ ቢፈስ የኋላው ይቀራል፤ ያን ቀን ግን የፈሰሰ ነገር አልነበረም።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህን ነው፦ «መምህር፣ ፔዳሉ ጠጠረብህ ወይስ ላላብህ?»

«ጠጥሮ ነው እምቢ ያለው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ዘይቱ አልፈላም፤ የተቃጠለው ሸራው ነው። ዘይቱ ቢፈላ ኖሮ እግርህ ወለሉ ድረስ ይገባ ነበር።»

ፔዳሉ መጀመሪያ ዝቅ ማለቱም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራውም ይርቃል፤ ሸራው እስኪደርስበት ድረስ ፔዳሉ ረዘም ያለ መንገድ መሄድ አለበት። ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞር ጠፍጣፋ ብረት) ሲግል ግን የሚወፍረው ከሁለት ጎን ወደሚጨብጠው ማቆሚያ፣ ወደ ፓዱ፣ በመሆኑ ይህ ችግር የለበትም።

ምንም ሳልነካ ዛሬ እሑድ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ሜዳማ አስፋልት ላይ ለንጽጽር የሚሆን መለኪያ ወሰድኩ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄድኩ ከኖራው መስመር ላይ ስደርስ ረገጥኩ፤ ርቀቱን በሜትር ለካሁ። በሦስት ሙከራ 29፣ 31 እና 34 ሜትር ሆነ። ሦስት ጊዜ ብቻ በመርገጥ አምስት ሜትር መጨመሩ ከቁልቁለቱ ይልቅ አስደነገጠኝ።

ኅዳር 10

የፊቱን ፈታሁ። ክሪክ ብቻውን አይታመንምና ከሥሩ ሁለት የግንድ ቁራጭ አስገባሁ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ በግራው ጎማ ላይ ሆነ። የኩሽኔታውን ዳዶ ለመፍታት ወደ ግራ ባዞርኩት ቁጥር ይበልጥ ይጠብቅ ነበር። በቁልፉ ላይ ቱቦ ልጨምርበት ስል ጋሼ ከአጥራቸው በላይ ተመልክተው «ተው! የግራው ጥርስ ግልብጥ ነው» አሉኝ። በቮልስ የፊት ግራ ጎማ ዳዶው የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። በዚያው ጎማ መሐል የፍጥነት መለኪያው ገመድ ያልፋል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ቀድማ ካልወጣች ክዳኑን ስንመታው ገመዱ ይበጠሳል። እሷን እንኳ አስቀድሜ አይቻት ነበር።

ታምቡሩን ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ በተዋስኩት ቬርኒየር ለካሁት። አዲስ ሲሆን 230 ሚሊ ሜትር የሆነው የውስጥ ስፋት በቀኙ 232.4፣ በግራው 231.9 ደርሷል። ውስጡ ላይ ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች አሉ፤ ሸራዎቹም እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ። የፍሬን ዘይቱ የጀበና ቡና መስሏል። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በሳበ ቁጥርም የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲገባው መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። የእኔ ዘይት በአገልግሎት ላይ ከዋለ ከስድስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ያን ቀን ሸራው ቀድሞ ባይሸነፍ ኖሮ ዘይቱ ይከተል ነበር።

ታምቡሩን በቶርኖ ማስላጥ አይቻልም፤ አሁንም ከመጠን በላይ ሰፍቷል። ሁለት አዲስ ታምቡርና ሸራ 11,200 ብር ይፈጁ ነበር። ለፊት ጎማዎች የተዘጋጀ የዲስክ ስብስብ፣ ማለትም ሁለት ዲስክ፣ ሁለት ካሊፐር (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚጫነው መያዣ)፣ ማሰሪያዎቹና ፓዱ፣ 26,500 ብር ነበር። ዋጋውን ሳየው ታምቡሩን ልገዛ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ዓይነት ቀላል ስሌት ነው። መኪናው ከነሰዎቹና ከነዕቃው አንድ ቶን ይመዝናል፤ ከደጀን እስከ ድልድዩ በስልኬ ያነበብኩት የከፍታ ልዩነት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በዚያ ቁልቁለት ወደ 12.7 ሚሊዮን ጁል ጉልበት አንድ ቦታ መራገፍ አለበት። ይህ በሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተሞላ የ16 ዲግሪ ውኃ፣ በደብረ ማርቆስ ከፍታ እስከሚፈላበት 92 ዲግሪ ድረስ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ከፊሉን ሞተሩና ነፋሱ ይወስዱታል፤ የቀረው በሙሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ታምቡር ይህን ሙቀት በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይይዘዋል፤ ዲስክ ነፋስ ላይ ነው ያለው።

ኅዳር 24

ዕቃው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ተላከልኝ። ካርቶኑን ስከፍተው ዲስኩ ላይ አምስት ቀዳዳ አለ፤ የእኔ ቸርኬ ባለ አራት ቀዳዳ ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች ቀዳዳዎቻቸው በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የተደረደሩ አምስት ሲሆኑ፣ የኋለኞቹ በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ አራት ናቸው። ሻጩ «ለሁሉም ቮልስ ይሆናል» ብሎኝ ነበር። እኔም የመኪናውን ዓመት ነገርኩት እንጂ የቸርኬውን ፎቶ አልላክሁለትም። ጥፋቱ የሁለታችንም ቢሆንም ኪሳራው የእኔ ሆነ፤ የመመለሻና የመላኪያ 1,400 ብር ከፈልኩ። አሁን የቸርኬውን ፎቶ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጬ ላክሁ።

ታኅሣሥ 2

ትክክለኛው ስብስብ ደረሰ፤ የፊቱ ሥራ ተጀመረ። የታምቡሩን የኋላ ሰሌዳ ፈትቼ በዚያው ብሎኖች ቀዳዳ የካሊፐሩን ማሰሪያ አሰርኩ። ኩሽኔታዎቹን በአዲስ ቀየርኳቸው (2,400 ብር)፤ በግራሶ ሞልቼ፣ ዲስኩን በእጄ እያዞርኩ ዳዶውን አጠበቅኩ፤ ከዚያ ከሥሩ ያለው ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ሲገፋ ለመንሸራተት ያህል ብቻ አላላሁት። ኩሽኔታ ያለ ምንም ክፍተት ከታሰረ ሙቀት ይገድለዋል።

የቀኙን ጎማ አስሬ ሳዞረው ቅጭ ቅጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ካሊፐሩ የቸርኬውን ብረት አልነካም፤ የነካው በቸርኬው ውስጥ ጠርዝ የተለጠፈውን የባላንስ እርሳስ (የጎማ ማመጣጠኛ ክብደት) ነው። እርሳሱን አንሥቼ ባላንሱን በውጭው ጠርዝ አስደገምኩት። ጎማዎቹም በየጎናቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ከፓራፋንጎው ጋር እንዳይነካኩ አይቻለሁ፤ አይነካኩም።

ታኅሣሥ 8

የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን አራቱንም ተጣጣፊ የላስቲክ ቱቦዎች፣ ሁለት የፊት ሁለት የኋላ፣ ቀየርኩ (2,600 ብር)። አሮጌውን ሰንጥቄ ሳየው ውስጡ አብጦ ቀዳዳው ከመርፌ ዓይን እምብዛም አይሰፋም። እንዲህ ያለ ቱቦ በእግር ግፊት ዘይቱን ያሳልፍና መልሶ አይለቀውም፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ጤነኛ ነው።

ከዚያ ብዙ ጊዜዬን የበላ ስሕተት ተሠራ። አዲሱ ካሊፐር ዘንድ ለመድረስ በየጎኑ አጭር የብረት ቱቦ አስፈለገኝ። አንድ ጋራዥ ሄጄ የቶዮታ ቱቦ ቆርጠው ጫፉን አፍ አውጥተው ሰጡኝ። የዳዶው ጥርስ ልክ ገጠመ፤ ጠበቀም። ዘይት ሞልቼ ቀስ ብዬ ስረግጥ ደረቅ ነበር፤ ባለ በሌለ ኃይሌ ስረግጥ ግን ከመጋጠሚያው ላብ የመሰለ እርጥበት ወጣ። ባጠበቅኩት ቁጥር ባሰበት። በኋላ የአሮጌውን ቱቦ ጫፍ ከአዲሱ አጠገብ አስቀምጬ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ። የቮልሱ አፍ እንደ እንጉዳይ ራስ ሾጠጥ ብሎ ያበጠ ነው፤ የቶዮታው ደግሞ ወደ ውስጥ ሁለት ጊዜ የታጠፈ እንደ መለከት የተከፈተ አፍ ነው። ጥርሳቸው አንድ ዓይነት በመሆኑ ይገጥማሉ፤ መቀመጫቸው ግን የተለያየ ነው። በሞርሳ የሚታሰር አፍ ማውጫ ተውሼ፣ የቮልሱን ዓይነት አፍ ራሴ አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁራጮች ተጣመሙ፤ አራተኛውና አምስተኛው ቀኑ። ከተበላሸው ጋር ቱቦው 1,150 ብር ፈጀ።

ታኅሣሥ 9

አየር የማስወጣት ቀን። ከማስተሩ ከራቀው ጎማ ይጀመራል፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ልጄ ከመሪው ኋላ ተቀምጣ «ርገጪ… ያዢ… ልቀቂ» እያልኩ ከሰዓቱን ሙሉ ሠራን። ያዢ ስላት አንዴ ለቀቀች፤ የተገኘው ሁሉ ተመልሶ ገባ። የኋላው አየር ወጣ። የፊቱ ግን ግማሽ ሊትር ዘይት ካለፈም በኋላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ነበር።

ጋሼ መጥተው ካሊፐሩን ጎንበስ ብለው አዩና ሳቁ። የአየር ማውጫው ጥፍር ከታች ነው ያለው። የቀኙን ካሊፐር በግራ፣ የግራውን በቀኝ አስሬያለሁ። አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ማውጫው ከታች ከሆነ የሚወጣው ዘይቱ ብቻ ነው። የፊዚክስ መምህር ሆኖ ይህን መሳት ያሳፍራል፤ ልጄም እስካሁን አልተወችኝም። ካሊፐሮቹን ስለዋውጥ የፈሰሰው ዘይት የግራውን ፓራፋንጎ ቀለም የመዳፍ ያህል አነሣው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣልና ወዲያው በብዙ ውኃ መታጠብ ነበረበት፤ እኔ በጨርቅ ጠርጌ ተውኩት። ከተለዋወጡ በኋላ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ፔዳሉ ጠጠረ። የሞላሁት ዶት 4 ነው፤ እስካሁን ሦስት ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ (1,440 ብር)።

ታኅሣሥ 16

የመጀመሪያው ጉዞ፤ ከቤት እስከ ከተማው መውጫና መልስ። ፍሬኑ ይይዛል፤ ነገር ግን ከስድስት ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናው ማርሽ አውጥቼ ስለቀው አይንከባለልም፤ ሁለቱም የፊት ቸርኬዎች እጅ አያስነኩም።

ቤት ተመልሼ መጀመሪያ ያየሁት የፔዳሉን ዘንግ ነው። ዘንጉ ከማስተሩ ፒስተን ጋር ሲገናኝ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ አለዚያ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ስለማይመለስ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያ ዕቃው የሚመለስባት ትንሽዋ ቀዳዳ እንደተደፈነች ትቀራለች። የእኔ ክፍተት ዜሮ ነበር። አስተካከልኩት። ሙቀቱ ቀነሰ፤ አልጠፋም። ከዚህ በኋላ የፈተና እርማትና ገና ገቡ፤ መኪናው ሦስት ሳምንት ቆመ።

ጥር 6

ግፊቱ የት እንደሚታገድ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ፍሬኑን ረግጦ መልቀቅ፣ ጎማው እንደተያዘ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከዚያ የቱቦውን ዳዶ መጀመሪያ ከማስተሩ ላይ ትንሽ ማላላት። ጎማው ያኔ ከለቀቀ ዘይቱን የያዘው ማስተሩ ነው፤ ካልለቀቀ ችግሩ ወደ ጎማው ያለው ቱቦ ወይም ካሊፐሩ ነው። ማስተሩ ላይ ሳላላው ዘይት ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ሁለቱም ጎማዎች ለቀቁ።

ምክንያቱ ማስተሩ ለታምቡር የተሠራ መሆኑ ነው። በመውጫው ላይ ጥቂት ግፊት በመስመሩ ውስጥ የሚያስቀር ትንሽ ቫልቭ አለ። በታምቡር ይህ ግፊት የሲሊንደሩን ጎሚኒዎች ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ይይዛል፤ የሸራዎቹ ጠንካራ ሞላዎች ደግሞ ከግፊቱ በላይ ስለሆኑ ሸራውን ይመልሱታል። ካሊፐር ግን የሚመልሰው ሞላ የለውም፤ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚስበው የጎሚኒው ትንሽ መለጠጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያ ጥቂት ግፊት ፓዱን ዲስኩ ላይ እንደለጠፈው ይቀራል። የፊቱን መስመር ቫልቭ አወጣሁ፤ የኋላው ታምቡር ስለሆነ የእርሱን አልነካሁም። እንደገና አየር አስወጣን። አሥር ኪሎ ሜትር ነድቼ ስመለስ ቸርኬው ለብ ብሎ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልሆነም።

ስብስቡን በመግጠም ብቻ «ዲስክ አስገባሁ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ግማሹ ሥራ ካሊፐሩ ሳይሆን ይህች የጣት ጫፍ የምታህል ቫልቭ መሆኗን ቢያውቁ እወዳለሁ።

ጥር 14

መኪናው ሲይዝ ወደ ግራ ይሳባል። የፊቱን ደጋግሜ አየሁ፤ ምንም የለም። ጥፋቱ ከኋላ ነበር። የኋላው ዳዶ ባለ 36 ቁልፍ ነው፤ በቁልፉ እጀታ ላይ የውኃ ቱቦ ካልተጨመረ አይንቀሳቀስም። የቀኙን ታምቡር ሳወጣ ሸራው ከአክሱ ጎሚኒ በሾለከ የማርሽ ዘይት ርሷል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም ሲግል መልሶ ያልበዋልና በሁለቱም ጎን ሸራ ቀየርኩ (1,800 ብር)፤ ጎሚኒው 350 ብር።

ስመልሰው ዳዶው 294 ኒውተን ሜትር ያህል መጥበቅ አለበት። የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ የለኝም። እኔ ግን 75 ኪሎ እመዝናለሁ፤ ከዳዶው መሐል 40 ሴንቲ ሜትር በሚርቅ ቦታ፣ እጀታው አግድም ሆኖ ሳለ በሙሉ ክብደቴ ብቆም ልክ ይህ ይሆናል። ቆምኩ። የኮፒሊያው (የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ) ቀዳዳ ሳይገጥም ሲቀር ወደፊት ጨመርኩ እንጂ ወደ ኋላ አልመለስኩም። በመጨረሻ የሸራ ማስተካከያ ኮከቦቹን በካቻቢቴ፣ ጎማው እስኪያዝ አዙሬ፣ ሁለት ሦስት ጥርስ መለስኳቸው። ፔዳሉም በዚህ ብቻ ሁለት ጣት ከፍ አለ። መሳቡ ቆመ።

ጥር 21

ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ፓዱን ከዲስኩ ጋር አላመድኩት። ከ50 ወደ 10 ሃያ ጊዜ፣ በየመሐሉ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ለማብረድ እየነዳሁ፤ ግለቱ ሳይወጣ ሙሉ በሙሉ አልቆምኩም። ከዚያ በኅዳሩ ቦታ እንደገና ለካሁ፦ 23፣ 22.5፣ 23 ሜትር። ከቁጥሩ ማነስ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ሦስቱ መቀራረባቸው ነው።

አንድ ያላሰብኩት ነገር አለ። እግሬ ከበፊቱ የበለጠ መግፋት አለበት። በታምቡር አንዱ ሸራ በጎማው ዙረት እየተጎተተ ራሱን ያጠብቃል፤ ዲስክ ይህ እገዛ የለውም፤ ሰርቮም የለኝም። ባለቤቴ አንድ ቀን ነድታው «ይሄ ሰው የሚያስቆም ሳይሆን ሰው የሚያደክም ነው» ብላኛለች።

የካቲት 5

ዓባይ። ሙቀቱን ለመለካት ትምህርት ቤቱ በኮሮና ጊዜ የገዛውን የግንባር መለኪያ ይዤ ልሄድ ነበር፤ ቤት ውስጥ በሻይ ብርጭቆ ስሞክረው ከ43 ዲግሪ በላይ አያነብም። አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ አስተማሪ ጓደኛዬ እስከ 500 የሚያነብ አዋሰኝ።

ሁለት ጊዜ ወረድኩ። በመጀመሪያው እንደ ድሮዬ በሦስተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን እየረገጥኩና እየለቀቅኩ። ድልድዩ አጠገብ ስቆም የፊት ዲስኮቹ 195 እና 188፣ የኋላ ታምቡሮቹ 90 ገደማ አነበቡ። ፔዳሉ ከላይ እንደነበረ ነው። ወደ ደጀን ወጥቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በሁለተኛ ማርሽ ደገምኩት፤ ዲስኮቹ 112 እና 108 ሆኑ። ሙቀቱን በግማሽ ገደማ የቀነሰው ማርሹ ነው። እዚያው ሆኜ ያሰብኩት ነገር ቢኖር፣ ኅዳር ላይ በሁለተኛ ብወርድ ኖሮ አሮጌው ታምቡርም ምናልባት ያደርሰኝ እንደነበር ነው። ወጪው እስከ ዛሬ 37,640 ብር ሆኗል፤ የፓራፋንጎው ቀለም አልተቆጠረም።

ስመለስ ሉማሜ ላይ ቆሜ ሥሩን አየሁ። የፊቱ መጋጠሚያዎች ደረቅ ናቸው። የኋላ ግራ ጎማ ሲሊንደር ጎሚኒ ላይ የእርጥበት ምልክት አለ፤ ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ይፈታል።